ያልተቆጣው ቁስል

ቦንጋ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1977 ዓ.ም.

ውድ እትዬ የወርቅውሃ፣

ሰላምታዬን አሳጥራለሁ። «አንድ ገጽ ሙሉ ስለ ጤናዬ የሚጨነቅ ደብዳቤ ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ ነገር ይለምናል» ይሉ እንደነበር አልረሳሁም። እኔም የምለምነው አለኝ፤ ግን ከመለመኔ በፊት የምናገረው አለ። እሱን አስቀድማለሁ።

እግርዎን ያሳጣዎት የአልጣሽ ማር አይደለም። እኔ ነኝ።

ይህችን ለመጻፍ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ፈጅቶብኛል። ከጻፍኳት በኋላ ምን እንደሚሰማኝ ለማየት ብዕሬን አስቀምጬ ትንሽ ጠበቅሁ። ምንም የለም። ቀለሙ አልተንጠባጠበም፤ ውጭ ዝናቡ አባርቷል፤ ከገበያው በኩል አንድ አህያ ይጮሃል። እንግዲህ በዚሁ መቀጠል ነው።

መነጽርዎን ያድርጉና ራስዎ ያንብቡት። ብርቅዬ እንድታነብልዎ አልፈልግም። ልጅዎ አንድ ጊዜ የእኔን ጽሑፍ ጮክ ብላ አንብባ ምን እንደሆነ ሁለታችንም አይተናል።

የአባቴ የጋሽ ኸይረዲን ሱቅና የእርስዎ ሱቅ በአንድ ግድግዳ ተደግፈው ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። እኔ ማንበብ የወደድኩት ከእርስዎ ባንኮኒ ሥር ነው፤ ለስኳርና ለጨው መጠቅለያ በጆንያ ከሚያስመጡት አሮጌ መጽሐፍና መጽሔት። እስከ ሃያ ዓመቴ ድረስ አንድም መጽሐፍ ጨርሼ አላውቅም ነበር። የብዙ ባለታሪኮች መጨረሻ ሩብ ኪሎ ስኳር ተጠቅልሎበት ወደ ዋጫ ከተማ ሄዷል። ምናልባት ነገርን ግማሽ አውቆ በሙሉ ልብ የመናገር ልማዴ ከዚያ የመጣ ይሆናል። ሰበብ ፍለጋ አይደለም፤ ሰበብ ፍለጋ ምን እንዳደረገ ወደ ታች ይደርሱበታል።

ሐምሌ 22 እሑድ ነበር። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት እየደረሰ ስለሆነ የቀበሌው ሰው ሁሉ ወጥቶ የመንገዱን ዳር ድንጋይ ኖራ ሲቀባ ዋለ። ስኳር በሽተኛም ሆነው፣ ስልሳ ዓመት ሞልቶዎትም፣ እርስዎ አልቀሩም፤ «ስሜ ተጠርቶ እዚህ ነኝ ካላልኩ የሱቄ በር ላይ የሚለጠፈውን የእሽግ ወረቀት ማን ያነሳልኛል?» ብለው ወጡ። በማግስቱ ክሊኒክ ሲመጡ እየሳቁ ነበር።

«አንተ ኑሪ፣ ትናንት ቀኑን ሙሉ ጫማዬ ውስጥ ምስማር ይዤ ስዞር ዋልኩልህ! ቤቴ ገብቼ ኮንጎዬን ሳወልቅ ነው ያየሁት። ደሙን ጭቃ መስሎኝ ነበር።»

«ቀኑን ሙሉ አላመመዎትም?»

«የቀበሌው ሊቀመንበር ንግግር ነው ያመመኝ።»

«እትዬ፣ ቀስ ይበሉ።»

«ምን ቀስ እላለሁ፣ የቆሰለው እግሬ ነው፣ አፌ ደህና ነው።»

የግራ እግርዎ መዳፍ ላይ፣ ከአውራ ጣትዎ ሥር፣ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ቀዳዳ ነበረች። አጠብኳት። ከዚያ ትምህርት ቤት እንዳስተማሩኝ በመርፌ ጫፍ ጣቶችዎን አንድ በአንድ ነካሁ።

«ይሰማዎታል?»

«ምኑ?»

«መርፌው።»

«ጀመርክ እንዴ?»

ጨርሼ ነበር። ሽንትዎንም ተቀብዬ ከሰማያዊው የቤኔዲክት ውሃ ጋር በስፒሪት መብራት ላይ አሞቅሁት። አጠገቤ ቆመው ሲያዩ፣ «ደግሞ ሽንቴን ወጥ ልትሠራው ነው?» አሉ። ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ፣ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ እንደ ጡብ ቀላ። ይህ የስኳሩ የመጨረሻ ደረጃ ነው፤ ከዚያ በላይ ቀለም የለም። «በርበሬው በዝቶበታል» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ውጤቱንም በላቦራቶሪው መዝገብ ጻፍኩ።

የላቦራቶሪው መዝገብ አንድ ነው፣ የቁስል ካርዱ ሌላ። ሁለቱም የሚያድሩት እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የሚጽፍባቸውም እኔው ነኝ። ተገናኝተው ግን አያውቁም።

የቁስል ካርዱን ላስረዳዎ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነው። አራት ቦታ አለው፤ ቅላት፣ እብጠት፣ ሙቀት፣ መግል። በየቀኑ «አለ» ወይም «የለም» ይባላል። አራቱም «የለም» ከሆኑ ከታች «ንፁህ» ተብሎ ይፈረማል። አንዱ እንኳ «አለ» ከሆነ ቁስሉ አመርቅዟል ይባልና በቀይ እስክሪብቶ ወደ ወሩ ሪፖርት ይዛወራል። የክሊኒካችን ኃላፊ ጓድ ወልደሥላሴ ያንን ሪፖርት በግድግዳ ላይ በትልቅ ወረቀት ሥለውት ነበር። ለአሥረኛው ዓመት በዓል ያመረቀዘ ቁስል ሦስት ወር በተከታታይ ዜሮ ያደረገ ክሊኒክ የአውራጃውን ቀይ ዓርማ ይሸለማል። እኛ ሁለት ወር ዜሮ አድርገን ነበር።

ጓድ ወልደሥላሴን አይርገሟቸው። ዋሽ ብለውኝ አያውቁም። «የምታየውን ጻፍ» ነው ያሉኝ። የማየውን ጻፍኩ። ቅላት የለም። እብጠት የለም። ሙቀት የለም። መግል የለም። ንፁህ። እንዲህ እያልኩ ሐምሌን ጨርሼ ነሐሴ ገባሁ። ቃል በቃል አንድም ውሸት የለበትም። እንዲያውም ካርዱ በጽዳቱ ያምራል፤ በእጅ ጽሑፌ ብዙ ሰው ያመሰግነኛል።

አሁን የሚከብደውን ልንገርዎ። አውቅ ነበር። ጅማ ለጤና ረዳትነት ስንማር አንድ አስተማሪያችን ሰሌዳውን እየመታ፣ «የስኳር በሽተኛ ቁስል ዝም ካለ አትመኑት» ብሎን ነበር። ደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። በዘጠነኛው ቀን፣ ፋሻዎን እየፈታሁ ሳለ፣ ያ መስመር ትዝ አለኝ። ቀዳዳዋ ከሽምብራ ወደ ባቄላ አድጋ ነበር። ዙሪያዋ ግን እንደ ሻማ ነጭ ነው፤ ደረቅ፤ ዝም ያለ። ለካርዱ «አለ» የምለው ነገር ፈለግሁ፤ አጣሁ። «ካርዱ የማይጠይቀውን ለማን ልመልስ?» ብዬ አሰብኩ። ጥሩ አባባል መስሎኝ ሳይሆን አይቀርም። እንዲያውም በንፅህናው ተማምኜ ከዕለታዊ ወደ ሳምንት ሁለት ጊዜ አሸጋገርኩዎት።

ከዚያ ነሐሴ 5 ቅዳሜ መጣ። ዝናቡ ስለበረታ ፋሻውን ልቀይር ወደ ሱቅዎ መጣሁ። አልጣሽም እንደ ሁልጊዜዋ ከሺሺንዳ መንገድ ማር ተሸክማ ወርዳ፣ እንስራዋን ባንኮኒዎ ሥር አስቀምጣ፣ እሳት ዳር ልብሷን ታደርቅ ነበር። አልጣሽን ለእርስዎ ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም፤ ሠላሳ ዓመት በየቅዳሜው ከአንድ ሳህን በልታችኋል፤ ብርቅዬም ስትወለድ የተቀበለቻት እሷ ናት። ያን ቀን ያለችውን ግን ዘንግተውት ይሆናል። እኔ አልዘነጋሁትም። እንዳይጻፍ ነው ያደረግሁት።

ፋሻውን ስፈታ ተነስታ መጣች። የእጇን ጀርባ ቁስሉ አጠገብ አስጠጋች፤ አልነካችውም።

«ኑሪ፣ ይቺ ቁስል ቀዝቃዛ ናት።»

«ንፁህ ስለሆነ ነው፣ እትዬ አልጣሽ።»

«የሰው ቁስል ትሞቃለች። ታብጣለች፣ ትቀላለች፣ ሰውየውን ታስጮሃለች። ከዚያ ትድናለች። ይቺ ዝም አለች። እኔ ዝም ያለች አልወድም።»

«በሳይንስ ቁስል ካልተቆጣ ጥሩ ነው።»

«ሳይንስ መቼ መጥታ ነካቻት?»

እርስዎ ከት ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ደረቴን ነፍቼ፣ ሱቁ ውስጥ ጨው ሊገዙ የቆሙ ሦስት ሰዎች እየሰሙኝ፣ አንድ ንግግር አደረግሁ። ስለ ጀርምና ስለ ንፅህና። ጥሩ ንግግር ነበር፤ ምናልባት ግማሹ እርስዎ ሱቅ ካነበብኩት ነው። ሲያበቃ አልጣሽ ወደ እርስዎ ዞራ፣ «የወርቅውሃ፣ ጅማ ሂጂ» አለች።

«ተዪው አልጣሽ፣ ልጁ ንፁህ ነው ብሎ ጽፎታል» አሏት።

ይኸው ነው። ጽፌው ነበርና አመኑ። አልጣሽ ማንበብ አትችልም፤ ለዚህ ይሆናል ቁስሉን ያየችው።

በሳምንቱ፣ ነሐሴ 12፣ «እንግዲያው አንተም ምንም የማታደርግላት ከሆነ እኔ የማውቀውን ላድርግ» ብላ የጫካ ማር በቅል አመጣች፤ ቀባችልዎት። አራት ቀን ብቻ ነው የተቀባው። በአራተኛው ቀን ነሐሴ 16 ሆነ፤ የፍልሰታ ጾም የተፈታበት ዕለት። ከሱቅዎ በር ላይ ስደርስ ሸተተኝ። አውራ ጣትዎ ጠቁሯል። ከቀዳዳዋ በታች ያለው ሥጋ እስከ አጥንቱ ባዶ ሆኖ ነበር፤ ከላይ ያለው ቆዳ ብቻ ነው እንደ ካርዴ አምሮ የቆየው።

«ምን አድርገውበት ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አልጣሽ ማር ቀብታኛለች» አሉ።

በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን መደበቅ አልፈልግም። እፎይታ ነው። ከዚያ ወዲህ የረባ ነገር ተሰምቶኝ አያውቅም፤ ስለዚህ በደንብ አስታውሰዋለሁ።

ቁጭ ብዬ ወደ ሆስፒታል የሚላኩበትን ወረቀት ጻፍኩ። ስም፣ ዕድሜ፣ የስኳር በሽታ። ከዚያም እንዲህ የምትል አንዲት መስመር፤ «ቁስሉ ንፁህ ሆኖ ሳለ በግለሰብ የባህል መድኃኒት ማር ስለተቀባበት የባሰ።» ማርገብገቢያም አላስፈለጋት፤ ቀለሟ ወዲያው ደረቀ።

ያን ቀን አውቶቡስ ስላልነበረ የቡና ጭነት መኪና ጋቢና ላይ ሊያወጡዎት ሰው ተሰበሰበ። ከጅማ ለክረምት እረፍት የመጣችው ብርቅዬ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ፣ «እማ፣ ምን እንደሆነ ልንገርሽ» ብላ በሰው ሁሉ ፊት አነበበችው። አልጣሽ ለመንገዱ ብርድ ጋቢዋን አጣጥፋ ይዛ ከመኪናው አጠገብ ቆማ ነበር።

ያሉትን ያስታውሳሉ። «ሠላሳ ዓመት ከሳህኔ በልተሽ እግሬን ነው የምትወስጂው? ሂጂ ከፊቴ!»

አልጣሽ ጋቢዋን ጋቢናው ውስጥ አስቀመጠች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያየችኝ። እኔ የጫማዬን ክር አስር ነበር። ጫማዬ ክር የለውም።

በመስከረም በዓሉ ተከበረ። ዜሮ ሦስተኛ ወሩን ያዘ፤ የእርስዎ ቁስል በካርዱ ላይ እስከ ነሐሴ 15 ድረስ ንፁህ ነበር፣ ነሐሴ 16 ደግሞ ወደ ሌላ ተቋም ተልኳል፤ ስለዚህ በእኛ አልተቆጠረም። ቀዩን ዓርማ ሸለሙን። ፋሻ ከምንቀይርበት ጠረጴዛ በላይ ተሰቅሏል፤ አሁን ስጽፍልዎ ከጭንቅላቴ በላይ ነው።

መስከረም 20 ቀን መድኃኒት ለመረከብ ጅማ ተላክሁ። ሥራዬን ጨርሼ ሆስፒታል ሄድኩ። እግርዎን ከጉልበትዎ በታች የቆረጡት ሐኪም ሻይ እየጠጡ አገኘኋቸው። ቦንጋ የማገለግል ጤና ረዳት መሆኔን ብቻ ነገርኳቸው፤ ስሜን አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸው። ስለ እርስዎ ስጠይቃቸው የታተመ ቅጽ ገልብጠው ጀርባው ላይ ክብ ክብ ነገር እየሣሉ አስረዱኝ።

«ሰው ሲቆስል» አሉ፣ «በሰዓታት ውስጥ የሚደርሱት ትንንሾቹ ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ጀርሙን ይውጣሉ፣ ይሞታሉ፤ መግል የምንለው የእነሱ ሬሳ ነው። ቅላቱም እብጠቱም ሙቀቱም እነሱ መድረሳቸውን ይነግረናል። በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን ደግሞ ትልልቆቹ ይመጣሉ። ሬሳውን ያነሳሉ፤ ከዚያ ጠቡ በቃ ብለው አዲስ ሥጋ እንዲሠራ ያዛሉ። ቁጣው ይበርዳል፣ ቁስሉ ይሞላል። በጤነኛ ሰው እንዲህ ነው።»

«ስኳር ባለበት ሰውስ?»

«ትንንሾቹ ይዘገያሉ። ሲደርሱም መዋጥ ያቅታቸዋል። ጀርሙ ያለ ከልካይ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከላይ ቁጣ የለም፣ ነርቩም ስለሞተ ሕመም የለም፤ አንተ ደህና ነው ትላለህ። ትልልቆቹ ደግሞ መጥተው መመለስ የማያውቁ ይመስላል። እንዲጠግኑ ስትጠብቃቸው ጠቡ ላይ እንዳሉ ይቀራሉ፤ ሥጋው ለሳምንታት ከውስጥ ይጨሳል። ይሄን የመጨረሻውን ገና እያጠኑት ነው። የመጀመሪያውን ግን ማንም ሊያውቀው ይገባል።»

«ማሩስ?»

«ስንት ቀን ተቀባ?»

«አራት።»

«አራት ቀን እዚህ አያደርስም። ይሄ የሦስት ሳምንት ሥራ ነው። ማሩ ምንም አላጠፋም።» ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ያቺን መስመር የጻፈው ሰው መሸሸጊያ ፈልጎ ነው። ታውቀዋለህ?»

«ትንሽ ትንሽ አውቀዋለሁ» አልኳቸው።

ከዚያ ወደ እርስዎ ክፍል መጣሁ። ይህን አያውቁም። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ጀርባዎን ሰጥተው ነርሷን፣ «ይሄ አልጋ የተሠራው ለሁለት እግር ሰው ነው፤ ግማሹን አከራዪው» ሲሏት ሰማሁ። ነርሷ ሳቀች። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቅዎ፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ «እንደ እህቴ ነበር የማያት እኮ» አሉ። የማንን ነገር እንደሚናገሩ አወቅሁ። አልገባሁም። ኮሪደሩ ላይ ያለውን የክትባት ማስታወቂያ ከላይ እስከ ታች አንብቤ ወደ አውቶቡሱ ሄድኩ። ማስታወቂያውን በቃሌ እወጣዋለሁ።

ቦንጋ ስመለስ የአልጣሽን ማር የሚገዛ አልነበረም። «የእሷ ማር እግር ይቆርጣል» ይባላል። የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ብርቅዬ ስታነብ የሰሙ ናቸው፣ ወይም ከሰሙት የሰሙ። ሱቅዎ ስለተዘጋ የምትቀመጥበትም የለም። ገበያው ጥግ፣ ሸክላ ሻጮቹ ጋ ትቀመጣለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እንስራዋን ሞልታ ትወርዳለች፣ ሞልታ ትመለሳለች።

በመሥሪያ ቤታችን በየሳምንቱ ሂስና ግለ ሂስ አለ፤ ሰው ይቆምና ጥፋቱን ይናገራል። እኔ በዚህ ጎበዝ ነኝ። ዘግይቼ መግባቴን፣ የውይይት ክበብ ላይ ማንቀላፋቴን፣ የንዑስ ከበርቴ ዝንባሌዬን ሁሉ ተናግሬያለሁ። በጥቅምት መጀመሪያ ተነሥቼ የእርስዎን ቁስል ነገርኳቸው። ከካርዱ እስከ መስመሯ አንድም አላስቀረሁም። ጓድ ወልደሥላሴ ጣራውን አዩ፤ ዓርማውን አዩ፤ «ሪፖርቱ ከተላከ ቆይቷል» አሉ። ቃለ ጉባኤው ላይ፣ «ጓድ ኑሪ ከሥራ ብዛት የተነሳ ድካም ይታይባቸዋል» ተብሎ ተጻፈ። ሁለት ቀን እረፍት ሰጡኝ።

በእረፍቴ ሁለተኛ ቀን፣ ያለፈው ቅዳሜ፣ አልጣሽ ፊት ሄጄ ቆምኩ። አልተቀመጥኩም። ሐኪሙ ያሉኝን፣ እኔ የጻፍኩትን፣ የጫማዬን ክር ሳይቀር ነገርኳት። እየሰማችኝ የእንስራዋን አፍ በኮባ ቅጠል ታስር ነበር።

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔ እዚያ ነበርኩ» አለች። «ለእሷ ንገር።»

«ጅማ ሄጄ ልንገራት?»

«አንተ ሄደህ በር ላይ ትቆማለህ።» ይህን ማን እንደነገራት አላውቅም፤ ማንም አልነገራትም ይሆናል። «በወረቀት ወሰድክ፣ በወረቀት መልስ።»

«ሰላም ብላሻለች ብዬ ልጻፍላት?»

«አትጻፍ። እኔ ቂም አለኝ። በአንተ አይደለም፤ አንተ ፈሪ ነህ፣ ፈሪ ምን ይደረጋል። በእሷ ነው። ‹አልጣሽ፣ እውነት ነው?› ብላ አልጠየቀችኝም። አንድ ቃል። ሠላሳ ዓመት አውቃኝ።»

እንግዲህ የምለምንዎ ይህ ነው። እኔን ይቅር ይበሉኝ አልልም። ይቅርታ ቢልኩልኝ የት እንደማስቀምጠውም አላውቅ። አልጣሽን ግን አንድ ቃል ይላኩላት። እሷ አታነብምና ደብዳቤ ከሆነ እኔ እጅ አይግባ፤ አባቴ ያነብላታል። ይህንንም ደብዳቤ ለፈለጉት ያሳዩ፤ ለአውራጃው ጤና ቢሮም ሆነ ለሕግ። ለዚያ ብዬ ቀኖቹን አስተካክዬ ጽፌያለሁ። ካርዱን እንዳይጠፋ ለብቻው አስቀምጬዋለሁ፤ ግርጌው ላይ፣ «ይህ ሁሉ ትክክል ሆኖ ስህተት ነው» ብዬ ፈርሜበታለሁ። በቀይ እስክሪብቶ።

እዚህ ላይ ፊርማዬን ላሳርፍ ስል የክሊኒኩ በር ተገፋ። አልጣሽ ናት፤ ገበያው ተበትኗል፣ እንስራዋ እንደሞላ ነው።

«ጻፍክ?»

«ጻፍኩ።»

«ስንት ወረቀት ነው?»

«ስድስት ሆነ።»

«ያን ቀን አንድ መስመር ነበር የበቃህ» አለች፤ እንስራዋን አወረደች፤ ቁስለኞች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። «አንብብ።»

ከመጀመሪያው እስከዚህ አነበብኩላት። ሳይንስ መቼ መጥታ ነካቻት ያለችው ላይ፣ «እንዲህ ብያለሁ?» ብላ ሳቀች። አልጋውን አከራዪው ያሉት ላይም ሳቀች፤ ከዚያ ቀጥሎ ለነርሷ ያሉትን ሳነብ ግን ወደ መስኮቱ ዞረች። ድገመው አለችኝ። ደገምኩላት።

«ለፖስታ ቤት አትስጥ» አለች በመጨረሻ። «ሰኞ እኔ እወስደዋለሁ።»

«ልትታረቂያት ነው?»

«ማን አለህ! ልጣላት ነው የምሄደው። እዚህ ገበያ ተቀምጬ ስቆጣ እሷ አትሰማኝም። ፊቷ ቆሜ ያለኝን ሁሉ እናገራለሁ። እሷም ትናገር። አፏ ደህና ነው ብለሃል አይደል?»

«ደህና ነው።»

«የጎደለው ያው የግራ እግሯ ነው አይደል?»

«ግራው።»

«እንግዲያው በዚያ በኩል እቀመጣለሁ» አለች። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት።

ስለዚህ እትዬ የወርቅውሃ፣ ይህን ሲያነቡ አልጣሽ በግራዎ በኩል ተቀምጣለች። የመጨረሻው ገጽ እስኪያልቅ ድረስ አንድ ቃል ላትተነፍስ ቃል ገብታልኛለች። የመጨረሻው ገጽ ይህ ነው።

ቁስልዎን ያሰርኩት፣ ያቺንም መስመር የጻፍኩት፣

ኑሪ ኸይረዲን
ጤና ረዳት